ሰባተኛው ብልቃጥ

ጨነቅ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለትሕትና፤ ጎንደር ላይ በመጽሐፍና በማቀዝቀዣ መካከል ለምትኖሪው

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ከቁርጭምጭሚቴ ጋር ተጣልቶ አስታራቂ ሽማግሌ እየፈለገ ነው። እናትሽ ስጦታም ዳባት ደህና ናት። ባለፈው ሳገኛት "ልጄ ይህን ሁሉ ዘመን ተምራ የጭላዳ ዝንጀሮ ኩስ ትለቅማለች አሉ፤ እውነት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። "ውሸት ነው፤ የምለቅመው እኔ ነኝ" ብየ አጽናናኋት። የተጽናናች አልመሰለኝም።

ስልክ እዚህ ጨነቅ ተራራ ላይ ለደመና ካልሆነ ለሰው ስለማይሠራ፣ ደብዳቤያችን በበረዶ ሳጥኑ ከብልቃጦቹ ጋር ይመላለስ ማለትሽ ብልህነት ነው። ሾፌሩ ቻላቸው ግን ደብዳቤውን ከምን ጎን እንዳስቀመጥሁት ሲያይ አፍንጫውን ይዞ "ጋሽ ባዘዘው፣ ሰው ለእህቱ ልጅ እንዲህ አድርጎ ይጽፋል?" አለኝ። የእውቀት ሽታ እንዲህ ነው አልሁት።

ለሦስቱ ጥያቄሽ መልሱ እነሆ።

ስለ ፈቃዱ፤ ተገኝቷል። እኔ የፓርክ ስካውት ሆኘ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጭላዳ ስጠብቅ አንድም ቀን ፈርም ያለኝ የለም። ኩሱን ላነሣ ስል ግን አራት ማኅተም ተመታ። ጸሐፊዋ ቅጹ ላይ ምን ብላ እንደምትሞላ ቸገራት። "እበት" ብትል የከብት ነው፣ "ፋንድያ" ብትል የበቅሎ፣ "በጠጥ" ብትል የበግ። በመጨረሻ "ናሙና" ብላ ጻፈችና ሁላችንም በክብር ወጣን።

ጭላዳው እውነት ሣር ብቻ ነው ወይ የሚበላው ላልሽኝ፤ ሌላ ሥራ ሲሠራ አላየሁትም። ጠዋት ከገደሉ ይወጣል፤ ቂጡን መሬት ላይ ይተክላል፤ በሁለት እጁ እየነጨ ይውላል። ፊት ለፊቱ ያለው ሲያልቅበት አይነሣም፤ በቂጡ ተንሸራቶ ወደሚቀጥለው ይጠጋል። እንዲህ መቀመጫውን የማይለቅ ፍጡር ከእሱ ሌላ አንድ ቦታ ብቻ አይቻለሁ። ደብዳቤው በስንት እጅ እንደሚያልፍ ስለማይታወቅ ቦታውን አልጽፈውም።

አስተማሪሽ ዶክተር ልደቱ የጠየቁትንም ወረቀት ፈርሜያለሁ። "ናሙናውን በገዛ እጄ፣ ከትኩሱ፣ ምንም ባዕድ ነገር ሳይቀላቀልበት ማንሣቴን አረጋግጣለሁ" ይላል። ስፈርም እንደ ዲያቆን ቆሜ ነው የፈረምሁት።

ስድስት ብልቃጥ ልኬያለሁ። ሰባተኛው ከዚህ ተነሥቶ በደባርቅ በኩል ይመጣል፤ የምሠራው ቤት ግድግዳ ሊመረግ ስለሆነ በመጪው ሳምንት ወደ ቤት እወርዳለሁ። ለጭቃው ደቦ ጠርቻለሁ።

አጎትሽ፣ የናሙና ሹም
ባዘዘው


ጎንደር፣ ጥር 4

ለተከበሩ ለጋሼ፣ ለናሙና ሹም

ጤና ይስጥልኝ። የዘገየሁት ረስቼዎት አይደለም፤ ያየሁትን ነገር ዐይኔ አላምን ብሎኝ ሦስት ጊዜ እየደጋገምኩ ነው። መጀመሪያ ግን፣ "ገለባ በብልቃጥ ከተህ ምን ታገኛለህ ብሎ ቻላቸው ሳቀብኝ" ብለው ከሰባተኛው ብልቃጥ ጋር ለላኩብኝ መልስ ልስጥ።

ገለባ ውስጥ ስኳር አለ በሉት። አንድ አንዱ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተሰክቶ፣ ረጅም ክር ሆኖ፣ ከቃጫው ጋር ተቋጥሯል። የእኛ ሆድ አይፈታውም። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን ኢንዛይም የሚባል መቀስ አላቸው፤ ክሩን ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ፍሬ አድርገው ይቆርጡታል። የተቆረጠው አጭር ስኳር ለምላስ ይህ ነው የሚባል ጣዕም የለውም፤ ሆዳችንም አይፈጨውም። ወርዶ ወርዶ አንጀት ይደርስና እዚያ የሚኖሩትን ደጋግ ባክቴሪያዎች ይመግባል። ፕሪባዮቲክ የሚባለው ይኸው ነው። እኛ ተሸካሚ ነን፤ ድግሱ የነሱ ነው። እነሱ ሲጠግቡ አንጀት ይጠነክራል። ሐሳቤ ከተቅማጥ ለሚያገግሙ ሕፃናት ገንፎ ውስጥ የሚገባ እንዲሆን ነው። ዛሬ ይህ ስኳር ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው፤ ገለባው ግን በእያንዳንዱ ሰው ደጃፍ ተከምሯል።

ለሙከራው የገለባ ዱቄት በሳሕን አዘጋጅቼ ቀይ ቀለም አፈስበታለሁ። ባክቴሪያው ገለባውን የቆረጠበት ቦታ ቀለሙ ይለቅና ጥርት ያለ ክብ ይወጣል። ስድስቱ ናሙናዎች ክብ አውጥተዋል፤ የምስር ፍሬ የሚያህል። ሰባተኛው፣ ጋሼ፣ የቡና ስኒ አፍ አህሏል። ደግሞ በብርዱ ነው የሚሠራው። ሌሎቹ ሙቀት ካላገኙ ከእንቅልፋቸው አይነሡም፤ ይሄ ግን የደባርቅ ሰው ይመስል ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ሲሠራ ያድራል።

ዶክተር ልደቱ ሳሕኑን ወደ መስኮት ይዘው ሄደው በብርሃን አዩት። እሳቸው ወደ መስኮት ሲሄዱ ማመስገናቸው ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ፤ ሰባተኛው የየትኛው ጭላዳ ነው? ለምንስ ከሌሎቹ ጠቆረ? ሽታውስ እንደ ረጠበ ምድር ቤት ለምን ሆነ? በማይክሮስኮፕ ሳየው ደግሞ የገብስ ገለባ ስብርባሪ ሞልቶታል። ጭላዳ ገለባ ከየት ያመጣል?

የእህትዎ ልጅ
ትሕትና


ጨነቅ፣ ጥር 19

ለልጄ ለትሕትና

ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ መልሱ የዘገየው በጥምቀት ምክንያት ነው። ጥምቀት ካለፈ ስምንት ቀን እንደሆነው አውቃለሁ፤ ስምንቱን ቀን ሳስብ ነበር።

ገለባ ከየት አመጣ ላልሽው፣ ነገሩ ቀላል ነው። በመንጋው መካከል አንድ አዛውንት አለ። ግራ ጆሮው የተሸረከተ፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት የደበዘዘ፣ አረማመዱ እንደ ጡረተኛ ወታደር የሆነ። እኛ "አለቃ" እንለዋለን። ይህ አለቃ ሣር ንቋል። በጃናሞራ በኩል ወዳለው አውድማ እየወረደ የገበሬ ገብስ ይሰርቃል፤ ገብሱን ሲያጣ ገለባውን ይበላል። ገለባው ነው ያጠቆረው። ሽታው የዕድሜ ነው። አንቺም ስታረጂ ታይዋለሽ።

ስለ አለቃ ሌላ የምጨምረው የለኝም። ስለ ሰባተኛው ብልቃጥም እንዲሁ።

የቤቱ ምርጊት ለጥምቀት ደረሰ። እማማ ይርገዱ ናቸው የመረጉት፤ የዳባትና የደባርቅ ቤት ግማሹ የእጃቸው ሥራ ነው። ግድግዳውን እያሻሹ "ይሄ ግድግዳ አይደለም፣ ጉንጭ ነው" አሉ። እውነት ጉንጭ ነው። በጎኑ ሳልፍ ግን ለምን እንደሁ እንጃ ዐይኔን እሰብራለሁ።

አጎትሽ
ባዘዘው


ጎንደር፣ መጋቢት 2

ጋሼ፣

እንዴት ነዎት? ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ።

ደስ የሚለውን ላስቀድም። አለቃ ታዋቂ ሆኗል። ዶክተር ልደቱ በስብሰባ ላይ ከሣር ወደ አውድማ ያደረገውን ጉዞ በቀስት ሥለው አሳዩ። አንድ እንግዳ ፕሮፌሰር "ይህ እንስሳ አመጋገቡን በመለወጥ የአንጀት ማኅበረሰቡን እንደገና አዋቅሯል" ብለው ሲናገሩ አዳራሹ በሙሉ ማስታወሻ ያዘ። ፎቶውን ፈልገዋል። ጆሮው በግልጽ ቢታይ ይመርጣሉ።

ሁለተኛውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። መብራት ሦስት ቀን ጠፋ። ጄኔሬተሩ አንዱን ቀን ሠርቶ ሁለቱን ተኛ። ማቀዝቀዣውን ስከፍት ሰባተኛው ሞቷል፤ ለመጠባበቂያ ያስቀመጥኩትም አብሮት። የቀረኝ የክቡ ፎቶ ብቻ ነው። በእኛ ሙያ ደግሞ ያልተደገመ ነገር አልታየም ማለት ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ሦስት ምዕራፍ በዚያ ክብ ላይ ቆሟል፤ የፈታኞቹ ጉባኤ ፊት የምቆመው ሰኔ 25 ነው። ዶክተር ልደቱ "እስከ ግንቦት መጨረሻ ክቡን ድገሚው፤ አለዚያ ጉባኤው አይቀበልሽም" ብለውኛል። አራት ዓመቴ ነው፣ ጋሼ።

አለቃን ይፈልጉልኝ። ከእሱ፣ ከራሱ፣ ትኩሱን። የማረጋገጫውንም ወረቀት አዲስ ቅጂ ልኬያለሁ፤ ይፈርሙልኝ።

ትሕትና


ጨነቅ፣ መጋቢት 14

ልጄ፣

መብራቱ ባደረገሽ ነገር አዘንሁ። አምስት ብልቃጥ ልኬያለሁ። የቻልሁትን ያህል ሽማግሌ ሽማግሌውን መርጫለሁ። ገደል አፋፍ ላይ ተንበርክኬ ሳነሣ ከጀርመን የመጡ ጎብኚዎች ፎቶ አነሡኝ፤ ጸሎት ላይ መስያቸው ነው መሰለኝ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

አለቃ ግን ያው አለቃ አይደለም። ጊዜው ዓቢይ ጾም ነው፤ አውድማውም ባዶ ነው፤ እሱም ሳይጾም አልቀረም። ስለዚህ ክቡ ቢያንስ አትደነቂ። ለፎቶም አልተመቸ፤ ካሜራ ሲያይ የተሸረከተውን ጆሮ ያዞራል።

ወረቀቱን አልፈረምሁም። እስክሪብቶየ ደርቋል።

ባዘዘው


ጎንደር፣ ሚያዝያ 3

ጋሼ፣

አንዱም አልሆነም። አምስቱም የምስር ፍሬ ናቸው።

ጉባኤው ትናንት ደብዳቤ ጻፈልኝ። በአክብሮት የተጻፈ ነው፤ ትርጉሙ ግን የክቡን ፎቶ ከየት አመጣሽው የሚል ነው። አንድ መምህር ፊት ለፊት "አንዳንድ ተማሪ ውጤት ሲያጥረው ይሥላል" አሉኝ። ዶክተር ልደቱ ቆመው "ናሙናው ከማን እጅ እንደመጣ የተፈረመበት ወረቀት አለ" አሉ። እኔም "ያነሣው አጎቴ ነው፤ አጎቴ አይዋሽም" አልኩ።

መልካም ሆሣዕና ይሁንልዎ።

ትሕትና


ደባርቅ፣ ሚያዝያ 15

ልጄ ትሕትና፣

ሰላምታውን ዛሬ ወደ ታች አውርጄዋለሁ፤ የሚቀድመው ነገር አለ።

አለቃ የሚባል ጭላዳ የለም።

እንግዲህ ከወጣልኝ ዘንድ እንዳለ ልንገርሽ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ሰባተኛውን ናሙና ጨነቅ ላይ እንደ ደንቡ አነሣሁ። ክዳኑን አጥብቄ ዘጋሁ። የበረዶ ሳጥኑ ስድስቱን ይዞ ወደ አንቺ ስለሄደ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልየ በደረት ኪሴ ይዠ ወረድሁ። ቤት ስደርስ ደቦው ጀምሯል። የጭቃው ጉድጓድ ሦስት ሳምንት ሙሉ ገለባ እየበላ ቆይቶ ጠቁሯል፤ አሥራ ሁለት ሰው ገብቶ ይረግጣል። ባለቤቱ ዳር ቆሞ ደቦ እንደማይሠራ ታውቂያለሽ። "ባዘዘው፣ ወይስ የመንግሥት ሠራተኛ እግር ጭቃ አይነካም?" አለ አንዱ። ሱሪየን ሰብስቤ ዘለልሁ። ተዘፈነ፤ ተረገጠ። ጎንበስ ስል ብልቃጡ ከኪሴ ወጥቶ ጭቃው ውስጥ ገባ።

እስከ ክርኔ ገብቸ ፈለግሁት። የለም። ቻላቸው ደግሞ ደጃፍ ላይ ጥሩምባውን እየነፋ "ጋሽ ባዘዘው፣ መንገዱ ሳይዘጋ ልሂድበት፤ ታቦት ነው እንዴ የሚያስጠብቀኝ?" ይላል። ትርፍ ብልቃጥ ሰጥተሽኝ ነበር፤ ስምንተኛው። እሱን ከጉድጓዱ ሞላሁት። ብልቃጡ እዚህ ውስጥ ነው፤ ጭላዳውም በብልቃጡ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ያለው ሁሉ ናሙና ነው ብየ ፈረድሁ። ዳኛውም ተከሳሹም እኔ ስለነበርሁ ፍርዱ ቶሎ አለቀ።

አንቺ "የቡና ስኒ አፍ አህሏል" ብለሽ ስትጽፊ መናገር ነበረብኝ። ግን እንዲያ ደስ ብሎሽ ሳለ "ጭቃ ነው" ማለት ከበደኝ፤ አለቃን ፈጠርሁት። አንዴ ከተፈጠረ በኋላ ጆሮ ፈለገ፤ ጆሮ ከሰጠሁት በኋላ ታሪክ ፈለገ። ውሸት እንደ እንግዳ ነው፤ ከገባ በኋላ እያበላሽ ነው የምታቆይው። "አጎቴ አይዋሽም" የሚለውን ያነበብሁ ዕለት ግን እንግዳውን ማስወጣት ግድ ሆነብኝ።

ለፋሲካ ልቆርብ ወደ ነፍስ አባቴ ዘንድ ሂጀ ተናዘዝሁ። እስከ መጨረሻው ሰምተው "ይህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ክቡ የጠፋባት ልጅቱ ናት። ንስሓህ ለእሷ መጻፍ ነው፤ እስከዚያ እንዳትቆርብ" አሉኝ። ፋሲካን ዳር ቆሜ ዋልሁ።

በማግሥቱ መዶሻ አንሥቸ ግድግዳውን ሰበርሁት። የሰው ጭንቅላት የሚያህል ቀዳዳ እንደ ወጣ፣ ምን አገኘሁ መሰለሽ? ብልቃጡን። ክዳኑ ንቅንቅ አላለም፤ ጠብታ አልወጣውም። ልኬልሻለሁ። ጭላዳው እዚያ ጭቃ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው፤ ክቡን ያወጣው ጭቃው ራሱ ነው።

ጭቃው ግን ከጥምቀት ወዲህ ደርቋል። ቁራጩን ይዠ ስተክዝ እማማ ይርገዱ ደረሱ። "ባዘዘው፣ ግድግዳዬ ምን አደረገህ?" አሉ። ነገርኋቸው። "ደረቁ ምን ይሆንልሃል፣ እናቱ እያለች?" አሉኝ።

እናቱ ማሰሮ ናት። ጓሯቸው ጥላ ስር ተቀምጣለች። አንድ ቤት መርገው ሲጨርሱ ከጉድጓዱ አንድ እፍኝ ወደ ማሰሮዋ ይመልሳሉ፤ ገለባና ውኃ ይሰጧታል፤ ለሚቀጥለው ቤት ጭቃ ከሷ አንድ እፍኝ ይጥላሉ። እርሾ ናት። ከእናታቸው የወረሷት ናት፤ እናታቸውም ከእናታቸው። "ያለ እርሾ የተረገጠ ጭቃ ክረምት ሲገባ ይሰነጠቃል" ይላሉ።

"እንግዲያ ይስጡኝ" አልኋቸው። "እኔ የምሰጠው ቤት ለሚሠራ ነው፤ በብልቃጥ ምን ቤት ይሠራል?" አሉኝና ሄዱ። መልሱን አንቺ ካለሽ ላኪልኝ።

ሰላምታየ እነሆ፤ እንደምን አለሽ? ይቅር በይኝ።

አጎትሽ፣ ከሹመቱ የተሻረው
ባዘዘው


ጎንደር፣ ሚያዝያ 24

ጋሼ፣

ሳነብ ተናደድኩ። ከዚያ ሳቅኩ። ከዚያ እንደገና ተናደድኩ፤ ይህን ስጽፍ የትኛው ላይ እንዳለሁ ራሴም አላወቅኩም። ለፎቶ ጆሮውን ያዞራል ያሉኝን ግን በቀላሉ ይቅር የምል አይምሰልዎ። ዶክተር ልደቱ ያንን ዓረፍተ ነገር በጥናቱ የግርጌ ማስታወሻ አስገብተውት ነበር።

ደብዳቤውን እንዳለ አነበብኩላቸው። ደብዳቤውን ከእጄ ወስደው ወደ መስኮት ሄዱ። ይህኛው ግን ምስጋና አልነበረም። በኋላ "የማይገኝ ጭላዳ ከሚሆንብን የሚገኝ ጭቃ ይሻላል። ለጉባኤው እኔ እነግራለሁ" አሉ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው "ሰውየው ግን ልብ ወለድ ይጽፋሉ?" ብለው ጠየቁኝ።

የራሴንም ልናገር። ገለባውን በዐይኔ አይቼ ነበር። ምድር ቤት ይሸታል ብዬ በእጄ ጽፌ ነበር። ያ ሽታ የት እንደማውቀው ግራ እየገባኝ፣ ከጭቃ ይልቅ ጭላዳ ስለሚያምር ጭላዳውን አመንኩ። ጭላዳ አዳራሽ ያስገባል፤ ጭቃ በር ላይ ይጠረጋል። ስለዚህ አለቃን ሁለታችን ነን ያሳደግነው፤ እርስዎ ወለዱት፣ እኔ ቀለብኩት።

ለእማማ ይርገዱ የምለው ይህ ነው። ሕፃን ልጅ ተቅማጥ ሲደጋገምበት የአንጀቱ ግድግዳ ይላላጣል። ከውስጥ ሆነው የሚጠግኑት እነዚያ ደጋግ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የሚበሉት ካጡ ግን አይሠሩም። የእሳቸው እርሾ ገለባውን ቆርጦ የሚያወጣው ስኳር የነሱ ምግብ ነው። በብልቃጥ የምሠራው ቤት እሱ ነው፤ እኔም መራጊ ነኝ ይበሏቸው። እርሾው የእሳቸው መሆኑ በስማቸው ይመዘገባል፤ እሳቸው ሳይፈቅዱ ከእኔ እጅ አይወጣም። እምቢ ካሉም እምቢታቸውን አከብራለሁ። አንድ ወር ብቻ እንደቀረኝ ግን አይደብቋቸው፤ ከእንግዲህ አንዳች ነገር አንደብቅ።

ትሕትና


ዳባት፣ ግንቦት 8

ልጄ፣

ይህን የምጽፈው ከእናትሽ ቤት ነው። ለምን እንደሆነ ትደርሽበታለሽ።

ደብዳቤሽን ለእማማ ይርገዱ ሦስት ጊዜ አነበብሁላቸው። ሁለተኛው ላይ "የሆድ ግድግዳ ይላላጣል የሚለውን ድገመው" አሉኝ። ሦስተኛው ላይ "ልጅቱ የማን ናት?" አሉ።

"የእህቴ የስጦታ" አልሁ።

"የዳባቷ ስጦታ? ከገበያው በላይ ያለችው?"

"አዎ።"

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እኔ የማስቅ ነገር አልተናገርሁም። "ያቺ ናት እንዴ? ያቺ ግድግዳ በላተኛ?" አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንቺ ልትወለጅ ስትይ የእናትሽን ቤት የመረጉት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ያን ጊዜ በየዳ ወረዳ ስለነበርሁ አላየሁም። መዳህ እንደ ጀመርሽ ግድግዳውን በጥፍርሽ እየፋቅሽ ትበይ ነበር አሉ። እናትሽ ብትቆጣ፣ ብትደብቅሽ፣ አልሆነም። በመጨረሻ በርበሬ ቀባችው፤ በርበሬውን ልሰሽ ጭቃውን ቀጠልሽ። እማማ ይርገዱ እየመጡ የፋቅሽውን ይደፍኑ ነበር። "እንግዲያ ይህች ልጅ ጭቃዬን ሳታስፈቅድ ከወሰደች ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። አሁን በወረቀት መጠየቋ ጨዋነት ነው" አሉ።

እሱን ላጣራ ነው ዳባት የመጣሁት። ካሁን በኋላ ሳላጣራ አልጽፍም ብያለሁ። እናትሽ አልጋውን አስጠግታ ግድግዳውን አሳየችኝ፤ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ከሌላው ቀለሙ ለየት ያለ ቦታ አለ። የጥፍርሽ ልክ ነው። ምድር ቤት ሸተተኝ ያልሽውን ሽታ የት እንደምታውቂው አሁን ገባሽ?

እርሾው ክዳን ባለው ቅል ተልኳል። ዛሬ ጠዋት ገለባ በልታለች። ቻላቸው ከጎኑ አስቀምጦ ቀበቶ አሥሮላታል፤ "ከስንቱ ተሳፋሪ የተሻለች ናት፣ አታስመልስም" ይላል። እማማ ይርገዱ ሁለት ነገር አዘዋል። አንደኛ፣ ገለባዋን በየሦስት ቀኑ አትርሺ። ሁለተኛ፣ የሰበርሁትን ቀዳዳ አይደፍኑትም። "እርሾ የወሰደ ሰው አንድ ጉድጓድ ይረግጣል፤ ደንቡ ነው። እሷ መጥታ ረግጣ በዚያ ይደፈናል" ብለዋል። እኔ ልርገጥላት ብል "አንተ ኪስህ አይታመንም" አሉኝ።

ደባርቅ ላይ ነፋሱ በቀዳዳው እየገባ እኔንና ሚስቴን በደህና እያጫወተን ነው።

ባዘዘው


ጎንደር፣ ግንቦት 29

ጋሼ፣

ወጣ።

በመጀመሪያው ሳሕን ማክሰኞ፣ በሁለተኛው ሐሙስ፣ በሦስተኛው ዛሬ። ሦስቱም የስኒ አፍ። ያን ጊዜ "ይሥላል" ያሉኝ መምህር ክቡን በገዛ ማስመሪያቸው ለኩት፤ ደግመው ለኩት፤ ማስመሪያውን ኪሳቸው ከተው "መልካም ነው" ብለው ወጡ። ቅሉንም ማሽተታቸውን አይቻለሁ።

በግድግዳው ያገኙትን ብልቃጥም ከፈትኩት። ደረቱን ነፍቶ የምስር ፍሬ የምታህል ክብ አወጣ። ጭላዳ ሐቀኛ እንስሳ ነው፤ ያለውን ያህል ነው የሚያሳየው።

ጉባኤው የጥርጣሬ ደብዳቤውን አንሥቷል። ሰኔ 25 አቀርባለሁ። ሕፃን ልጅ ገንፎ ላይ እስኪደርስ ገና ብዙ መንገድ ይቀራል፤ መጀመሪያ በአይጥ፣ ከዚያ በጫጩት፣ ከዚያ በስንት ፊርማ። ግን መንገዱ አለ። እርሾዋን በሦስት የተለያየ ቦታ አስቀምጫለሁ፤ አንዷ ማቀዝቀዣም መብራትም የማትፈልግ ናት፤ በእንስራ፣ ጥላ ስር። ዶክተር ልደቱ ገለባ ማብላቱን ተረኛ አውጥተውለታል፤ የመጀመሪያው ተረኛ ራሳቸው ናቸው።

አዲስ ቅጽ ልኬያለሁ። "የናሙናው ምንጭ" በሚለው ፊት እንዲህ ሞልቻለሁ፤ የቤት ምርጊት ጭቃ፣ ደባርቅ፤ እርሾው የወይዘሮ ይርገዱ። "ናሙናው የተነሣበት ሁኔታ" የሚለውን ባዶ ትቼዋለሁ፤ እርስዎ በእጅዎ ይሙሉት።

ትሕትና


ደባርቅ፣ ሰኔ 12

ለልጄ ለትሕትና

እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። ነፋሱም ደህና ነው፤ ቀን ከሌት ይጠይቀናል።

ቅጹን ፈርሜያለሁ፤ እስክሪብቶየ ጽፏል። ባዶውን ቦታ እንዲህ ሞላሁት፤ "ናሙናውን ያነሣሁት በደቦ መካከል፣ ሱሪየን ሰብስቤ፣ ሾፌር እያጣደፈኝ፣ ሌላ ነገር ነው ብየ እየዋሸሁ ነው።" ቦታው ጠቦኝ ጠርዙን ተጠቅሜያለሁ። የቅጹ ጠርዝ ለእውነት መጻፊያ እንደሚሆን ያወቅሁት ዛሬ ነው። ባለፈው እሑድም ቆረብሁ።

በፊተኛው ሳምንት ጨነቅ ወጥቸ ነበር። አንድ ሽማግሌ ጭላዳ ፊቴ መጥቶ ቂጡን ተክሎ ሣሩን መንጨት ጀመረ። ጆሮው ደህና ነው፤ ሁለቱም ሙሉ ናቸው። ስሙን ስላጠፋሁት ዘመዱ ይቅርታ ጠየቅሁት። ሣሩ ሲያልቅበት ተንሸራቶ ጀርባውን ሰጠኝ፤ ይገባኛል።

እማማ ይርገዱ "ሰኔ 25 ስትጨርስ ሰኔ 28 ትድረስ፤ ክረምቱ ሳይጠና" ብለዋል። ጫማ እንዳትይዢ፤ ዶክተር ልደቱም ከመጡ እንዲሁ። ጉድጓዱን ቆፍሬያለሁ። ገለባው ገብቷል። እርሾዋንም ትናንት እማማ ይርገዱ በእጃቸው ጥለዋታል፤ በአሥራ አምስት ቀን ትደርሳለች። ዛሬ ጠዋት ጎንበስ ብየ አሸተትሁት፤ ጀምሯል።

የቀረው እግር ብቻ ነው።

አጎትሽ
ባዘዘው